ቤት ሰርሳሪና ሕግ፦ ከኦሪት እስከ ሰንጋ ተራ

በለገሃር ባቡር ጣቢያ፣ በሜክሲኮ አደባባይና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል መካከል የሚገኘው ሰንጋ ተራ፣ ስሙን ከዕርድ ከብት ገበያ ቢወርስም፣ የከተማ ሰፈርነቱን መልክ እየያዘ የሄደው የምድር ባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ፣ ነጋዴው፣ ተሸካሚው፣ የእጅ ሠራተኛውና ጸሐፊው እንጀራውን ፍለጋ በጣቢያው ዙሪያ እየተሰበሰበ ጎጆውን በቀለሰ ጊዜ ነው። ቤቱ በቋሚና በማገር ተዋቅሮ፣ ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ ተመርጎ፣ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ግድግዳውንም ከጎረቤቱ ጋር የሚካፈል ነበር፤ ብዙውን ጊዜም አንድ ክፍል ብቻ ሆኖ፣ አባትና እናት፣ ልጅና እንግዳ፣ ሳጥንና እንስራ በአንድነት የሚያድሩበት ነበር። እንዲህ ባለው ቤት ውስጥ ንብረትን ከሰው የሚለይ ግድግዳ አልነበረም፤ ስለዚህም ወደ ሳጥኑ ሊደርስ የፈለገ ሌባ የተኛውን ቤተሰብ እየተራመደ ማለፍ ግድ ይሆንበት ነበር።

ይህን በመቅድሙ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የሰውን ቤት ሰብሮ ወይም ሰርስሮ ገብቶ መስረቅ በንብረት ላይ ከሚፈጸሙት ወንጀሎች ጋር ይቆጠር፣ ወይስ ኃይል ከተቀላቀለባቸው፣ በሰው አካልና ሕይወት ላይ ከሚቃጡት ወንጀሎች ጋር ይመደብ የሚለው ጥያቄ፣ ዛሬ በብዙ አገሮች የሕግ ሊቃውንትን የሚያከራክር ቢሆንም፣ ለእኛ አገር ሰው ከቶ አዲስ አይደለም። ቅዱሳት መጻሕፍት፣ የአበው ልማድ፣ የነገሥታት ዐዋጅና ዛሬ የምንዳኝበት የወንጀል ሕግ እያንዳንዳቸው በየዘመናቸው መልስ ሰጥተውበታል። እነዚህን መልሶች በየተራ መርምሮ፣ ለዛሬይቱ ከተማ የሚበጀው የትኛው እንደ ሆነ መናገር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

የቤት ሰርሳሪ ሥራ ከጥንት ጀምሮ የሌሊት ሥራ ነው። ኪስ አውላቂው የገበያውን ግርግር፣ ማጅራት መቺው የመንገዱን ጨለማ ጥግ ሲጠብቅ፣ ቤት ሰርሳሪው ከሁሉ ይልቅ የሐምሌንና የነሐሴን ሌሊት ይመርጥ ነበር፤ ዶፍ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የእግር ኮቴም ሆነ የመሰርሰሪያው ድምፅ አይሰማምና፣ ውኃ የጠገበ ምርግም በቀላሉ ይፈርሳልና። አንዱ ከግድግዳው ሥር ጭቃውን እየፈለፈለና ማገሩን እየቆረጠ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ ሲከፍት፣ ጓደኛው ደግሞ በውጭ ቆሞ መንገዱን ይጠብቅለታል። በዚህ መካከል ባለቤቱ ቢነቃ፣ የመጣው ሰው ብቻውን ይሁን ከግብረ አበሮቹ ጋር፣ የሚፈልገው ጋቢውን ይሁን ነፍሱን የሚያውቅበት አንዳች መንገድ የለውም፤ ሌባውም በበኩሉ የነቃው ሰው ጠመንጃ ይያዝ ወይም ባዶ እጁን ይሁን አያውቅም። አንዱ ሌላውን የሚፈራ፣ አንዱም የሌላውን ፊት የማያይ ሁለት ሰዎች በጽልመት ውስጥ በአንድ ጠባብ ክፍል ሲገናኙ፣ ደም ሳይፈስ መቅረቱ የመልካም አጋጣሚ እንጂ የሌባው ቅንነት ውጤት አይደለም።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን በጭቃ ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። የቤቱ እመቤት «ሌባ! ሌባ!» ብላ እሪ ትላለች፤ ጎረቤቱ ዱላውንና ፋኖሱን እየያዘ ከየደጁ ይወጣል፤ ሌባው ወይ ያመልጣል፣ ወይ ተይዞ ይደበደባል፣ ወይ ደግሞ ለማምለጥ ሲል የያዘውን ስለት ይሰነዝራል። የተወሰደው ጋቢና ራዲዮ በገንዘብ ሊተመን ይችላል፤ ከዚያች ሌሊት ወዲህ ኮሽታ በሰሙ ቁጥር የሚባንኑት ሕፃናት ያጡት እንቅልፍ ግን የሚተመንበት ሚዛን በገበያ አይገኝም። የባለቤቱንም ክብር ያየን እንደ ሆነ፣ ሚስቱንና ልጆቹን በገዛ ጣራው ሥር ለማሳደር እንዳልቻለ የሚሰማው ሰው ያጣው ነገር ከንብረት በላይ ነው።

የኦሪት ሕግ ይህን ነገር አስቀድሞ ዐውቆታል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 የተጻፈው ሥርዓት፣ ሌባ ቤት ሲሰረስር ተገኝቶ ተመትቶ ቢሞት በመቺው ላይ የደም ዕዳ እንደማይሆንበት፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከሆነ ግን የደም ዕዳ እንደሚሆንበት ይደነግጋል፤ በሕይወት የተያዘው ሌባም ካሣ እንዲከፍል ያዝዛል። የሥርዓቱ ምሥጢር ግልጥ ነው፤ ጨለማው ባለቤቱን የመለየት ዐቅም ስለሚነሣው ሕይወቱን እንዲከላከል ተፈቀደለት፤ ብርሃን ከሆነ በኋላ ግን የገባው ሰው ማን እንደ ሆነና ምን እንደሚሻ ስለሚታይ፣ የሌባውም ደም እንደ ማንኛውም ፍጡር ደም ክቡር ሆነ። እንግዲህ በዚህች አጭር ንባብ ውስጥ ሁለት ታላላቅ ብያኔዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንደኛው፣ ሰው ያለበትን ቤት በሌሊት የሚሰብር በሰው ሕይወት ላይ እንደ ተነሣ ይቆጠራል የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ስለ ንብረት ብቻ ተብሎ የሰው ሕይወት አይጠፋም የሚለው ነው።

በሐዲስ ኪዳንም ወንጌላዊው ማቴዎስ በምዕራፍ 24 የጻፈው ምሳሌ የሌባውን ሰዓት ስላላወቀና ቤቱ ስለሚቆፈርበት ባለቤት ይናገራል፤ ወንጌላዊው ዮሐንስ ደግሞ በምዕራፍ 10 በበሩ ሳይሆን በሌላ መንገድ ወደ በጎች በረት የሚገባውን ሰው ሌባም ወንበዴም አድርጎ በአንድነት ያቆመዋል። እነዚህ ንባባት በየዐውደ ምሕረቱ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሰበኩ የኖሩ ስለ ሆኑ፣ ቤት ሰባሪን ከገበያ ሌባ ለይቶ ማየት በኢትዮጵያ ክርስቲያን ሕሊና ውስጥ ከማናቸውም የመንግሥት ሕግ በፊት የተተከለ አስተያየት ነው። ይህም አስተያየት የእስራኤል ልጆች ብቻ አልነበረም፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የተጻፈው የሮማውያን የ12ቱ ሰሌዳዎች ሕግም በሌሊት ሲሰርቅ የተገደለውን ሌባ ደም በገዳዩ ላይ አይጠይቅም ነበር፤ በቀን የመጣውን ሌባ ግን መሣሪያ አንሥቶ ካልተከላከለ በቀር መግደልን አይፈቅድም።

ፍትሐ ነገሥት፣ የግብጽ ቤተ ክርስቲያን ሊቅ የሆነው ኢብን አል-አሳል በ13ኛው መቶ ዓመት ከቅዱሳት መጻሕፍት፣ ከሲኖዶስ ቀኖናዎችና ከሮም ነገሥታት ሕግ አውጣጥቶ በዓረብኛ ያዘጋጀው፣ በኋላም ወደ ግእዝ ተመልሶ በአገራችን የመንፈሳዊና የሥጋዊ ዳኝነት መሠረት የሆነው መጽሐፍ፣ ከእነዚሁ ከሁለቱ ምንጮች የተቀዳ ነው። በነገሥታቱ ችሎት ሊቃውንቱ መጽሐፉን እየገለጡ ሲያነቡና ሲተረጉሙ፣ የሌባ ቅጣት እንደ ጥፋቱ ክብደት ካሣ ከማስከፈል አንሥቶ እጅ እስከ መቁረጥ ይደርስ ነበር። ዛሬ ይህን ቅጣት ሰብአዊነት የማይቀበለው ቢሆንም፣ የዚያ ዘመን ዳኛ ጥፋቱን በተወሰደው ዕቃ ዋጋ ብቻ ሳይሆን በአገር ሰላም ላይ ባደረሰው ሁከት ይመዝን እንደ ነበር ያሳየናል።

ሌባው ሳይታወቅ በቀረ ጊዜም ባላገሩ የራሱ ሥርዓት ነበረው። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ በሚባለው በዚህ ሥርዓት፣ ወንጀል የተፈጸመበት ቀበሌ ነዋሪ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ፣ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ እንዳይበተን ይደረግ ነበር፤ የሚያውቁትን በግልጥ መናገር የሚፈሩትም «ወፍ» በሚባለው የምሥጢር ነጋሪ አማካይነት ያሳውቁ ነበር። ወንጀለኛው ሳይገኝ የቀረ እንደ ሆነም፣ የተበደለው ሰው ካሣ በማኅበሩ ላይ ይወድቅ ነበር። ይህ ልማድ ከሥራ አስፈትቶ፣ ንጹሑንም ከበደለኛው ጋር አንድ ላይ የሚያጉላላ መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም የአንድ ሰው ቤት ሲደፈር የተደፈረው ሰፈሩ ሁሉ ነው የሚለውን እምነት ከዚህ ይልቅ አጥብቆ የገለጠ ሥርዓት አላገኘሁም። በሰው ላይ የደረሰ ግፍ ሳይሆን የአንድ ሰው ዕቃ መጥፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ አገር በሙሉ በዕዳ አይያዝም ነበር።

ከዚሁ ፍርሃት የተወለደው ሌላው ልማድ ግን ወደ ክፋት ያዘነበለ ነበር። ሌባ ሻይ የሚባለው ባለሥልጣን አንድን ልጅ የሚያፈዝ መድኃኒት አጠጥቶ ይለቀው፣ ልጁም ራሱን ሳያውቅ እየተንገዳገደ ሄዶ የገባበትን ቤት ባለቤት ሌባ ነህ ብሎ ይይዘው ነበር። ይህ ነገር በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ ሳይቀር እንደሚሠራበት የውጭ አገር ጎብኚዎች ጽፈው አቆይተውልናል፤ በኋላ ግን በመንግሥት ተከልክሎ ቀረ። ቤት ሰባሪን ለመያዝ ሲባል የንጹሑን ሰው ቤት ያለ ማስረጃ መስበር በደልን በበደል ማባዛት ስለ ሆነ፣ መከልከሉ ፍትሕ ነበር። ከዚህም የምንማረው ትምህርት አለ፤ ሕዝብ በሌሊት የሚሰማው ፍርሃት ሕግ ካልተበጀለት፣ ፍርሃቱ ራሱ ከሌባው የባሰ ግፈኛ ይሆናል።

ከተማይቱ እየሰፋች ስትሄድ የሌሊቱ ጥበቃ በአራዳ ዘበኛ እጅ ገባ። የዘበኛው ፉጨትና ዱላ የነዋሪውን ልብ ያሳርፍ እንደ ነበር፣ እርሱም በጠፋ ጊዜ ምን እንደሚሆን አዲስ አበባ በአንድ መራራ ሳምንት ዐይታዋለች። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከከተማይቱ ከወጡ ጀምሮ የኢጣልያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን እስኪገባ ድረስ ባሉት ቀናት፣ ሱቁና መጋዘኑ ተሰበረ፣ ቤቱ ተዘረፈ፣ ብዙው ተቃጠለ፣ የሰውም ሕይወት ጠፋ። በዚያን ጊዜ ለስርቆት የወጣውን ከነፍሰ ገዳዩ የሚለየው የነበረ የለም፤ በር መስበሩን የጀመረው እጅ ከበሩ በስተኋላ ያለውን ሰው ከመምታት አልታቀበምና። አሥር ወር ሳይሞላም፣ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በወራሪው እጅ ቤቶች ሰው በውስጣቸው እያለ ተቃጠሉ። የቤት ደጃፍ መከበር የሕይወት መከበር መጀመሪያ መሆኑን ያ ትውልድ በደም ተምሮታል።

የተጻፈውን ዘመናዊ ሕግ በተመለከተ መነሻው 1923 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ቅጣትን በአንቀጽ ለመወሰን ሲደክም፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ 9 ቀን የተሰጠው ሕገ መንግሥት ደግሞ ሕግ ከፈቀደው በቀር የኢትዮጵያዊ ቤት እንዳይበረበር ደነገገ። ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. የፍርድ አስተዳደርና የፖሊስ ዐዋጆች ወጥተው፣ ቤት ሰባሪን የመያዝና የመዳኘት ሥራ ከአፈርሳታው ሜዳ ወደ ፖሊስ ጣቢያና ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት ተዛወረ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 13 የሰው መኖሪያ ቤት የማይደፈር መሆኑን ሲያውጅ፣ ይህን ያስቀመጠው ስለ ንብረት በሚናገረው መጽሐፍ ውስጥ ሳይሆን ስለ ሰው መብት በሚናገረው ክፍል ነው።

ከሁሉ የላቀው ሥራ ግን የስዊስ ሊቅ የሆኑት ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ያረቀቁት፣ ሐምሌ 16 ቀን 1949 ዓ.ም. ታውጆ ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። ይህ ሕግ ስርቆትን በአንቀጽ 630፣ ከባድ ስርቆትን በአንቀጽ 635፣ ውንብድናን በአንቀጽ 636፣ ከባድ ውንብድናን በአንቀጽ 637 ለይቶ አስቀመጠ። ሰብሮ መግባት የከባድ ስርቆት ምልክት ሲሆን፣ በሰው ላይ ኃይል ማድረግ ወይም ብርቱ ማስፈራራት የውንብድና ምልክት ሆነ። እንግዲህ በዚህ አመዳደብ ቤት ሰርሳሪው፣ እጁን በሰው ላይ እስካላነሣ ድረስ፣ ከሌቦች ወገን ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ሆኖም የአገሩ ስሜት በዚህ ክፍፍል ሙሉ በሙሉ እንዳልረካ የሚያስረዳ ነገር አለ፤ በሕጉ ላይ በተጨመረው አንቀጽ 120ሀ የግርፋት ቅጣት ለከባድ ስርቆትና ለከባድ ውንብድና ተፈቅዶ ነበርና። ረቂቁ የለያያቸውን ሁለት ወንጀሎች የኢትዮጵያ ሕግ አውጪ በአንድ ጅራፍ መልሶ አገናኛቸው ማለት ነው። ጅራፉ ዛሬ ቀርቷል፤ መቅረቱም ይገባዋል። ከጅራፉ በስተጀርባ የነበረው ጥያቄ ግን መልስ ሳያገኝ ቀረ።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በዐዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሲሆን፣ የሰንጋ ተራ ጭቃ ቤቶች አብዛኞቹ የቀበሌ ቤት ተባሉ፤ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትም ተቋቁመው የሌሊት ጥበቃውን በየተራ ያዙ፣ ቀላል ቀላሉን ነገር የሚያይ የፍርድ ሸንጎም አቆሙ። ጥበቃው ሌባን ማስፈራቱ ባይካድም፣ በዚያ ዘመን በሌሊት በር የሚያንኳኳው ሌባ ብቻ ስላልነበረ፣ ብዙ ቤተሰብ ከሰርሳሪው ይልቅ የጠመንጃ ያዡን ኮቴ ይፈራ ነበር። የመኖሪያ ቤት ክብር ከግለሰብ ወንጀለኛም፣ ከባለ ሥልጣንም መጠበቅ እንዳለበት ያ ዘመን አስተማረ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትንና የመኖሪያ ቤትን መከበር ሲደነግግ፣ ይህን የቆየ ቁስል የሚያውቅ ሕዝብ ሕግ ነበር።

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዳኝበት የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ፣ ቁጥሩን ለውጦ አመዳደቡን ጠብቋል። ስርቆት በአንቀጽ 665፣ ከባድ ስርቆት በአንቀጽ 669፣ ውንብድና በአንቀጽ 670፣ ከባድ ውንብድና በአንቀጽ 671 ይገኛሉ። ከባድ ስርቆት እስከ 15 ዓመት ፅኑ እስራት ያስቀጣል፤ ከባድ ውንብድና ደግሞ ከ5 እስከ 25 ዓመት፣ እጅግ በከፋው ጊዜም እስከ ዕድሜ ልክና እስከ ሞት ይደርሳል። የሌላውን ሰው መኖሪያ ቤት ያለ ፈቃዱ መድፈር ደግሞ በአንቀጽ 604 ለብቻው ተደንግጎ፣ በንብረት ላይ ከሚፈጸሙት ሳይሆን በሰው ነጻነት ላይ ከሚፈጸሙት ወንጀሎች መካከል ተቀምጧል። በሌሊት መፈጸምም በአንቀጽ 84 ለማንኛውም ወንጀል ቅጣትን ከሚያከብዱት ጠቅላላ ምክንያቶች አንዱ ሆኖ ተቆጥሯል።

አንባቢ ይህን በጥሞና ይመልከት። ሰርሳሪው በአንዲት ሌሊት፣ በአንዲት እርምጃ የሚፈጽመውን ድርጊት ሕጋችን በሦስት ስፍራ ከፋፍሎታል፤ ቤት መድፈሩን ከነጻነት ወንጀል፣ መስረቁን ከንብረት ወንጀል፣ ሌሊቱን ከጠቅላላው ክፍል። በኦሪት አንድ ሆነው የነገሩ ሥር የነበሩት ቤቱ፣ ሌሊቱና በቤቱ ያለው ሰው፣ በእኛ ሕግ ተበታትነው እያንዳንዳቸው የሌላ ነገር ጭማሪ ሆኑ። በዚህም የተነሣ ቅዳሜ ሌሊት ሰው የሌለበትን መጋዘን የሰበረና ሕፃናት የተኙበትን ክፍል ግድግዳ ሰርስሮ የገባ ሁለት ሰዎች በአንድ አንቀጽ፣ በአንድ ስም ሊከሰሱ ይችላሉ።

የሌላው ዓለም ልምድም ከዚህ ችግር ነጻ አይደለም። በእንግሊዝ የጥንት ሕግ ቤት ሰባሪነት የመኖሪያ ቤትን በሌሊት ሰብሮ መግባት ብቻ ሲሆን፣ ቅጣቱም እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ድረስ ሞት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የስርቆት ሕግ ሌሊት የሚለውን መለኪያ ትቶት፣ ዛሬ በመኖሪያ ቤት የተፈጸመውን እስከ 14 ዓመት፣ በሌላ ሕንፃ የተፈጸመውን እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል። በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት የወንጀል ቁጥር የሚሰበስበው መሥሪያ ቤት ቤት ሰባሪነትን ከንብረት ወንጀሎች ሲቆጥረው፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ደጋጋሚ ወንጀለኞችን የሚመለከት ሕግ ደግሞ ኃይል ከተቀላቀለባቸው ከባድ ወንጀሎች መካከል በስሙ ጠርቶ ዘርዝሮታል። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2007 በተደረገው ጥናት፣ ቤት ከተሰበረባቸው ጊዜያት በ28 ከመቶው ሰው በቤቱ ነበር፤ ከጠቅላላውም በ7 ከመቶው በቤተሰቡ አባል ላይ የኃይል ድርጊት ተፈጽሟል።

ይህ ቁጥር ለሁለቱም ተከራካሪዎች መሣሪያ ሆኗል። ቤት ሰባሪነት ሁሉ የኃይል ወንጀል አይደለም የሚሉት፣ አብዛኛው ሌባ ሰው እንዳይኖር አይቶና አጥንቶ የሚገባ ስለ ሆነ፣ ካልተፈጸመ ድርጊት ተነሥቶ መቅጣት ከፍትሕ ርትዕ ውጭ ነው ይላሉ፤ ብዙውን ጊዜ በዚህ ወንጀል የሚያዘው ድኻና ወጣት መሆኑን፣ ረጅም እስራትም ከማረም ይልቅ የባሰ ወንጀለኛ አድርጎ እንደሚመልሰው ይጨምራሉ። ይህን ክርክር አላቃልለውም። ሌላው ወገን ደግሞ፣ ሰው በተኛበት ቤት የሚገባ ሌባ ውጤቱን ለዕድል ትቶ የሰውን ሕይወት በገበታ ላይ ያኖረ ስለ ሆነ፣ ደም ስላልፈሰሰ ብቻ ከኪስ አውላቂ ጋር ሊቆጠር አይገባም ይላል። ይህኛውም እውነት ነው።

በእኔ አስተያየት ሁለቱም የሚስቱት ቤት ሰባሪነትን አንድ ወንጀል አድርገው በማየታቸው ነው። የነገሩ መለያ በሩ መሰበሩ ሳይሆን፣ ከበሩ በስተኋላ ሰው መኖሩ ወይም ይኖራል ተብሎ የሚጠበቅ መሆኑ ነው። ማንም የሌለበትን ሱቅ፣ መጋዘን ወይም ቢሮ የሰበረ ሰው በንብረት ላይ በድሏል፤ ከባድ ስርቆት ተብሎ እንደ ጥፋቱ ይቀጣ። ሰው የሚያድርበትን ቤት በሌሊት፣ ወይም ሰው እንዳለበት ዐውቆ በማናቸውም ሰዓት ሰብሮ የገባ ግን፣ ምንም ሳይወስድ ቢመለስ እንኳ፣ በሰው ነጻነትና ደኅንነት ላይ ኃይል ያነሣ ነውና ወንጀሉ በሰው ላይ ከሚፈጸሙት ኃይል የተቀላቀለባቸው ወንጀሎች ተራ ሊመደብ ይገባዋል። ይህ አመዳደብ ከውጭ የሚቀዳ ሳይሆን፣ የኦሪት ሥርዓት በፀሐይ መውጣት የለየውን ልዩነት በዘመናችን ቋንቋ መልሶ መጻፍ ነው።

በዚሁ ላይ አንድ ጥብቅ አጥር ሊደረግበት ያሻል። ወንጀሉ የኃይል ወንጀል ተባለ ማለት የሌባው ደም ረከሰ ማለት አይደለም። በከተማችን የተያዘን ሌባ ከብቦ በድንጋይና በዱላ መግደል፣ የደቦ ፍርድ የሚባለው ይህ ክፉ ልማድ፣ ራሱ ከስርቆቱ የሚብስ ወንጀል ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ሲፈቅድ፣ አደጋው በደጅ የቆመና ሌላ ማምለጫ የሌለው፣ መከላከሉም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ እንዲሆን ይፈልጋል፤ ሌባው ከተያዘና መሣሪያው ከእጁ ከወደቀ በኋላ የሚሰነዘር እያንዳንዱ ምት መከላከል መሆኑ ቀርቶ በቀል ይሆናል። ሕዝቡ ሕጉ በሌሊት ጠባቂው መሆኑን ሲያምን፣ ሌባውን በገዛ እጁ ከመግደል ይልቅ ለዳኛ ለማስረከብ ልቡ ይፈቅድለታል፤ ስለዚህም ትክክለኛ አመዳደብ የተሰረቀውን ብቻ ሳይሆን የሰረቀውንም ሰው ሕይወት ይጠብቃል።

የዛሬው ሰንጋ ተራ የቀድሞው አይደለም። ሰንጋ ተራ ፍርድ ቤት በሚል ስም በተካሄደው መልሶ ማልማት የጭቃ ቤቶቹ አብዛኞቹ ፈርሰው፣ ነዋሪው ወደየዳርቻው ተበትኖ፣ በስፍራው የ40/60 የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎችና የባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶች ተተክለዋል፤ በአጠገቡም ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንፃ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ቆሟል። ቀድሞ በአንድ ጭቃ ክፍል የተደባለቁት ሰውና ንብረት ዛሬ በየስፍራቸው ተለይተዋል፤ ገንዘቡ በባንኩ ሕንፃ፣ ሰውም በፎቁ ላይ ከብረት በር በስተኋላ ያድራል። ግድግዳው ከሲሚንቶ ስለ ሆነ አይሰረሰርም፤ በሩ ግን ይፈለቀቃል፣ ቁልፉም ይሰበራል፤ በቀድሞው ግቢ ቡና ጠጥቶ የሚተዋወቀውና ባለቤቱ በሌለበት ደጁን የሚጠብቀው ጎረቤትም ከየደረጃው ላይ ጠፍቷል። ሕጉም እንደ ከተማይቱ ሁሉ የሰውን ቤት ከገንዘብ ቤት ለይቶ ማየት የሚገባው ጊዜ አሁን ነው።

ስለዚህ የወንጀል ሕጉን የማሻሻል ሥልጣን ያላቸው የሕዝብ ተወካዮችና የሕግ ሊቃውንት፣ በክብደቱ በከባድ ስርቆትና በውንብድና መካከል የሚቆም፣ ሰው ያለበትን መኖሪያ ቤት ሰብሮ መግባትን የሚመለከት ራሱን የቻለ አንቀጽ እንዲያቆሙ፣ ይህንንም አንቀጽ በንብረት ሳይሆን በሰው ላይ ከሚፈጸሙት ወንጀሎች መጽሐፍ ውስጥ እንዲያኖሩት፣ ቅጣቱንም ሲወስኑ የወጣቱን መታረም እንዳይዘነጉ በአክብሮት አሳስባለሁ። በየሰፈሩ ያለው ነዋሪ ደግሞ በየሕንፃው ዕድሩን ያጽና፣ ጎረቤቱን ይወቅ፣ ጩኸት ሲሰማ ይድረስ፣ የያዘውንም ሌባ ከነሕይወቱ ለሕግ ያስረክብ።